ከማሸጊያ ወደ ማበጠሪያ

ጥቅምት 4

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ይህ ወረቀት በሙሉ ጤናሽ ያግኝሽ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ «ካልሲ ሳታደርግ እንዳትወጣ ንገራት» እያለች ነው። ነግሬሻለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። እስከ ዛሬ ላኪልኝ ብዬሽ የማውቀው ነገር የለም፤ አሁን ግን ዕውቀትሽን ልለምንሽ ነው።

እንደምታውቂው በክር ፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ ከሆንኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ጥጡ መጀመሪያ የሚገባው ማበጠሪያው ክፍል ነው። ማሽኖቹ ሲያበጥሩት ብናኙ እንደ ጉም ይነሣል፤ በር ላይ ቆመሽ የክፍሉን ጫፍ አታዪውም። እዚያ የሚሠሩት ሰኞ ከዕረፍት ሲመለሱ ደረታቸውን ጥፍር አድርጎ ያስራቸዋል። ረቡዕ ላይ ይለቃቸዋል። ዓመታት ሲቆዩ ግን ረቡዕም አይለቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ሰው ከዚያ ክፍል ወጥቶ ቀርቷል፤ ሁለቱን ቀብረናል። እናትሽ ያለችበት ማሸጊያው ክፍል ደህና ነው፤ ክሩን በካርቶን መደርደር ነው ሥራቸው።

ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ ብናኙን የሚመጥ ማራገቢያ ይተከልልን አልኩት። ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ሰው ሁሉ ይስላል፤ እኔም እስላለሁ። ወሬ አታምጣብኝ፤ ቁጥር አምጣ» አለኝ።

ቁጥር! ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ። በልጅነትሽ ደረጃ ሳትቆጥሪ የማትወጪ፣ «ቆጣሪዋ» እያልን የምንጠራሽ ልጅ፣ አሁን ሥራሽም ቁጥር ሆኗል። ማንን ልቁጠር? ስንት ሰው? ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ምንም እንደማያውቅ ሰው አድርገሽ አስረጂኝ። በስልክ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ቁጥር ደግሞ በወረቀት ካልሆነ አይያዝልኝም።

አጎትሽ


ጥቅምት 27

ለውድ ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህን በሩ ሥር አግኝቼው ኮቴን ሳላወልቅ አነበብኩት። ካልሲ አድርጌአለሁ በልልኝ።

እዚህ ሰው አገር የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቴ ከግድግዳ ጋር ይፋጠጣል። ሐኪሞቹ መድኃኒት ሲሞክሩ የሰዎቹን ቁጥር ወደ እኔ ይልኩታል። እኔ ቁጥሩ ይዋሽ አይዋሽ እመረምራለሁ። ስለዚህ የጠየቅኸኝ የማውቀውን ነው፤ ደስ ብሎኛል።

አውቶቡስ ሁልጊዜ ይዘገያል እንላለን አይደል? በሰዓቱ የመጣበትን ቀን ስለማንቆጥር ነው። አንተም አምስት ሰው ወጣ አልከኝ። ስንት ሰው ሳይወጣ ቀረ? ከሌላ ክፍልስ ስንት ወጣ? ያላስታወስከውንም መቁጠር አለብህ።

ደግሞ ማንን እንደምትጠይቅ ተጠንቀቅ። የጥጥ እሽግ ስትረከብ ከላይ ብቻ ዘግነህ ጥሩ ነው አትልም፤ ሻጩ መልካሙን ከላይ እንደሚያደርገው ታውቃለህ። እጅህን እስከ ክርንህ ሰድደህ ከሆዱም ከሥሩም ታወጣለህ። ሰውም እንደዚያው ነው። ቀድሞ ሊያማርርህ የሚመጣውን ብቻ ከጠየቅህ ከላይ ያለውን ነው የዘገንከው። ሁሉንም ጠይቅ።

ጥያቄህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። «ብናኙ አላሳለህም?» ካልከው መልሱን አብረህ አጉርሰኸዋል። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ሳልክ?» ብቻ በል። ለምን እንደምትጠይቅም አትንገራቸው። ዕድሜያቸውን፣ ማጨስ አለማጨሳቸውን፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ ጻፍ።

ከዚያ ማሸጊያው ክፍል ሄደህ ያንኑ ጠይቅ፤ ማነጻጸሪያህ እሱ ነው። እማዬ ትርዳህ፤ እዚያ በዕድገት ከገባች ሰባት ዓመቷ ስለሆነ ሁሉንም ታውቃቸዋለች።

ቆጣሪዋ


ኅዳር 24

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? እዚህ ሁሉም ባለበት ነው።

ያልሽውን አንድም ሳላጓድል ፈጸምኩ። ደብተር ይዤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት ከሰው ሰው ስዞር ከረምኩ። ስንቱን ልንገርሽ! አንዱ ማሽን ዘይት ቀቢ «ስንት ቀን ሳልክ?» ብለው «ለማን ልታሳብቅብኝ ነው?» ብሎ ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። አንዲት ሴት ደግሞ «እኔ? ስዬም አላው—» ብላ ጀምራ ሳሉ አላስጨርሳት አለ። ጓደኛዋ ጀርባዋን እየመታች «በል ጻፍ፣ አትስልም» አለችኝ። ሦስታችንም ሳቅን። ምን ብዬ እንደምጽፍላት ግን ግራ ገባኝ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ከማበጠሪያው ሠላሳ አንድ ሰው ጠየቅሁ፤ አሥራ ሁለቱ ይስላሉ። ከማሸጊያው ሃያ ስምንት ጠየቅሁ፤ አሥራ አንዱ ይስላሉ። ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ ያው ነው። ብናኝ ያለበትና የሌለበት ክፍል እኩል ይስላል! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ሥራ አስኪያጁ ልክ ነበር? ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ቢያየው መሳቂያ እሆናለሁ።

ሰው ሲነፋበት የሳንባውን ጉልበት በቁጥር የሚናገር መለኪያ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰው ስለ ሳሉ ይዋሻል፤ ትንፋሹ ግን የሚዋሽ አይመስለኝም። ከተገኘ ላኪልኝ።

እናትሽ ሰላም ትልሻለች። ሥራዋ ላይ ናት።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 16

ለውድ ጋሼ፣

እንደምን አለህልኝ? ደብዳቤህን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ አትቀየመኝ። አልተሳሳትክም። እኛም ቢሮ የተማሩ ሰዎች በየቀኑ የሚወድቁበት ጉድጓድ ውስጥ ነው የገባኸው።

ሐኪም ቤት በር ላይ ቆመህ ብትቆጥር ከመንገዱ ይልቅ በሽተኛ የሚበዛው እዚያ ነው። ታዲያ ሰውን የሚያሳምመው ሐኪም ቤቱ ነው?

እስቲ አስብ፤ ማሸጊያ ክፍል የሚገባው ማን ነው? ማበጠሪያው ያደከመው፣ «ቀለል ያለ ሥራ ስጡኝ» ብሎ የለመነ ሰው አይደለም? እማዬን ማለቴ አይደለም፤ ሌሎቹን ነው። ደረቱ የተጎዳው ወደ ማሸጊያ ሲሄድ ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው ጠንካራው ነው። የባሰባቸው ቤታቸው ተኝተዋል፤ የሞቱት ሞተዋል። እነሱ ደብተርህ ውስጥ የሉም። የቆጠርከው የተረፉትን ነው።

ሁለት ክፍል ለማነጻጸር ሰዎቹ ሲጀመር እኩል መሆን አለባቸው። እኩል የሚያደርጋቸው ደግሞ ዕጣ ብቻ ነው። ቢቻል ኖሮ፣ ከማሸጊያው አሥራ ስድስት ሰው ወስደህ፣ ወረቀት ቆራርጠህ፣ ባርኔጣ ውስጥ ቀላቅለህ፣ ስምንቱን ወደ ማበጠሪያ መላክ፣ ስምንቱን እዚያው ማስቀረት ነበር። ዕጣ ወጣት ሽማግሌ አይልም፤ የሚያጨሰውንም የማያጨሰውንም በሁለቱም በኩል ይበትነዋል። ያን ቀን አስነፍተህ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ደግመህ ብታስነፋቸው፣ የምታየው ልዩነት የብናኙ ነው። ዕጣው ከወጣ በኋላ ግን እጅ አይገባበትም። አሳዝናህ አንዷን እንኳ ብትመልስ፣ እማዬም ብትሆን፣ ሁሉም ገደል ገባ። እኛ ዘንድ ይህ የማይነካ ሕግ ነው።

መለኪያውን በሚመጣ ሰው ልኬልሃለሁ። ሦስት ጊዜ ያስነፉበታል፤ የሚጻፈው ትልቁ ነው። ስትልክልኝ ስም አያስፈልግም፤ ቁጥር ስጣቸው።

እማዬ በስልክ ሁለት ቃል ብላ ለምን ትዘጋብኛለች? ሥራ በዝቶባት ነው?

ቆጣሪዋ


ጥር 21

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። መለኪያው ደረሰ። ያልሽውን ሁሉ አድርጌአለሁ።

ማበጠሪያው ላይ ስምንት ሰው ጎድሎ ነበርና ሥራ አስኪያጁን «ከማሸጊያው ለአንድ ወር ላምጣልህ?» ስለው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አሥራ ስድስቱም በፈቃዳቸው ነው የገቡት። «ይህ ከተጻፈ ማራገቢያ ይተከላል» ብያቸዋለሁ። ዕጣውን በቆቤ ውስጥ ቀላቅዬ እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸው አወጡ። የማንንም አልቀየርኩም። ሕጉን ጠብቄአለሁ።

የመጀመሪያውን ትንፋሽ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት በቁጥር ነው፤ ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውንና ዕጣው ያደረሳቸውን ክፍልም ጽፌበታለሁ።

አጎትሽ


የካቲት 10

ጋሼ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አስቀድሜ አልሰጥህም፤ ይቅር በለኝ። ምን አደረግህ?

«ቢቻል ኖሮ» ነበር ያልኩት። ሰውን ይጎዳል ብለን የምንጠረጥረው ነገር ውስጥ በዕጣ አናስገባም! እዚህ ይህን ማሰብ እንኳ በሰባት ሰው ጉባኤ ያስጠይቃል። እንዲገባህ ብዬ እንጂ እንድትሠራው አልጻፍኩም። አጻጻፌ ነው ጥፋቱ፤ አንተን አልወቅስህም።

እውነቱን ልንገርህ፤ ዝርዝሩን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከፍርሃት ብቻ አልነበረም። እንዲህ የጠራ ነገር በአምስት ዓመት ሥራዬ እጄ ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ «ዛሬውኑ መልሳቸው» ብዬ ልጽፍ ተቀመጥኩና አልጻፍኩትም። ይህ ሲደርስህ አራተኛው ሳምንት ይሞላል። አስነፋቸውና በዚያው ቀን ሁሉንም ወደ ማሸጊያ መልሳቸው።

አሥራ አራተኛዋ ሰው ግን ምን ልትሠራ ገባች? ሌሎቹ ከሦስት መቶ በላይ ሲነፉ እሷ ሁለት መቶ ሠላሳ ነው። ደረቷ ቀድሞውኑ የተጎዳ ነው። እሷን አሁኑኑ አውጣት።

ቆጣሪዋ


መጋቢት 6

ለእህቴ ልጅ፣

ሁለተኛው ልኬት ይኸው። ሥራ አስኪያጁ የገቡትን አልመልስም ብሎኛል፤ «ሥራውን ለምደውታል» አለ። ሦስት ጊዜ ለመንኩት።

አጎትሽ


መጋቢት 24

ለጋሼ፣

እንዴት ነህ? አጭር ጻፍክልኝ። ደክሞህ ነው ብዬ አለፍኩት።

አሥራ አምስት ቁጥር ነው የደረሰኝ። አሥራ አራተኛው ቦታ ባዶ ነው። ባዶ ቦታ ዝም ብሎ አይታለፍም። ከክፍል በር ላይ ሆነህ «ጆሮው የማይሰማ ማን ነው?» ብትል፣ መልሱ ያለው ዝም ባለው ሰው ዘንድ ነው። ሥራ ቀይራ ከሆነ አንድ ነገር ነው። መንፋት አቅቷት ከሆነ ግን ከአሥራ አምስቱ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት፤ እሷን ትቶ ማስላት ውሸት ነው።

አሥራ አራተኛዋ ማን ናት? ለምን አልነፋችም?

ቆጣሪዋ


ሚያዝያ 18

ጋሼ፣

ደብዳቤዬ አልደረሰህም? ስደውል አታነሳም። እማዬ ትናንት «ደህና ነኝ» አለችና በመሀል ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ግን ትንፋሽዋ ይሰማኝ ነበር።


ግንቦት 2

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አሥራ አራተኛዋ እናትሽ ናት።

ማሸጊያው ክፍል የገባችው በዕድገት አልነበረም። ከሰባት ዓመት በፊት ማበጠሪያው ደረቷን ጎድቷት፣ ለምኜ ነው ያዛወርኳት። አንቺ ፈተና ላይ ስለነበርሽ «ዕድገት ነው በላት» አለችኝ፤ በዚያው ቀረ።

ዕጣው ቀን አሥራ አምስት ሰው አገኘሁና አንድ ጎደለኝ። እሷ ካርቶኑን ትታ መጣች። «እትዬ፣ አንቺ አይሆንም» አልኳት። «ለልጄ ሥራ አይደል? ቁጥር ልሙላ» አለች። ስምንቱ ይቀራሉ፣ አይደርሳትም ብዬ ራሴን አታለልኩ። እጇን ቆቤ ውስጥ ከትታ አወጣች። «ማበጠሪያ» ይላል።

«መልሺው፤ ማንም አላየም» አልኳት።

«ልጄ ምን ብላ ነው የጻፈችው? አንብብልኝ» አለች።

አነበብኩላት። «እማዬም ብትሆን» የሚለው ላይ ስደርስ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «እኔንም አንስታኛለች እኮ!» አለች። ላንቺ ሥራ የጠቀመች መስሏት፣ እንዳንቺ የተማረች የሆነች መስሏት ነው የገባችው። የዕጣውን ወረቀት እንኳ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሠራች። «አውጣት» ያልሽው ሲደርስ ቤት ከገባች ሳምንት አልፏት ነበር። ያያት ሐኪም ሳንባዋ አይመለስም ብሏል። ሦስት ትራስ ተደግፋ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ከአልጋዋ እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ታርፍበታለች። በስልክ ካንቺ ጋር ለመነጋገር ከጠዋት ጀምራ ትንፋሽ ትሰበስባለች፤ ሁለት ቃል የምትልሽ ለዚያ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አጎትሽ


ግንቦት 21

ጋሼ፣

የጻፍኩበት እጄ በተቆረጠ። ከዚህ ሌላ ስለዚያ ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄአለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። በወር ውስጥ እንመልስልሻለን ብለውኛል። ጠብቂኝ በላት።

ቁጥሩን አስልቻለሁ። ለምን አሰላሽ አትበለኝ፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

ማበጠሪያ የገቡት ሰባቱ በአማካይ ሠላሳ አንድ ቀንሰዋል፤ ማሸጊያ የቀሩት ስምንቱ አሥራ ሁለት። ልዩነት አለ። ግን ብናኙ ምንም ባይሠራ ኖሮስ? የአሥራ አምስቱን ቅናሽ በአሥራ አምስት ወረቀት ጽፈህ፣ በጭፍን ቀላቅለህ፣ ሰባትና ስምንት አድርገህ ብትከምር እንዲህ ያለ ልዩነት አንዳንዴ እንዲያው በአጋጣሚ ይመጣል። ኮምፒዩተሩ ሺህ ጊዜ ቀላቀለልኝ፤ ዘጠና ጊዜ መጣ። የሙያችን ድንበር ከሺህ ሃምሳ ነው። ከዚያ ካለፈ «ተረጋግጧል» አንልም። አይጎዳም ማለት አይደለም። መብራት በሌለው ክፍል መርፌ ፈልገህ ብታጣ፣ መርፌ የለም አትልም። ሥራ አስኪያጅህ ግን ይላል።

የማን እንደሆነ ሳልነግረው ለአለቃዬ አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ሰዎቹ ጥቂት ናቸው» አለና መለሰልኝ። ሌላ ሰው አምጥቶልኝ ቢሆን እኔም ይህንኑ እጽፍበት ነበር።

አሥራ አራተኛዋ ብትገባበት ዘጠናው ከሃምሳው በታች፣ ወደ አርባ አምስት ግድም ይወርዳል። በዕጣ የገባ ሰው ቢታመምም ከቡድኑ አይሰረዝም። ግን በግምት አይገባም፤ መንፋት ነበረባት። ይህን የምጽፍልህ ሁሉንም እንድታውቅ ብቻ ነው። አታስነፋት። ሰማኸኝ? ይህን እንደ በፊቱ አትረዳብኝ። አታስነፋት።

ልጅሽ ነኝ በላት።


ሰኔ 19

ለእህቴ ልጅ፣

አንድ ጥፋት ጨምሬአለሁ። ደብዳቤሽን አነበብኩላት። አንቺ የጻፍሽውን ሳላነብላት ቀርቼ አላውቅምና መዝለል አልቻልኩበትም።

«እስቲ አምጣው» አለች። እምቢ አልኩ። ሁለት ቀን አላናግርህ አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ሰጠኋት። የመጀመሪያው ላይ መርፌው አልተነቃነቀም። ሁለተኛው ላይ ሳል ወሰዳት። ሦስተኛውን ዓይኗን ጨፍና ነፋች።

«ስንት ሆነ?»

«ሰማንያ።»

«ይበቃታል?»

«ይበቃታል» አልኳት። ተኛች።

ወረቀቱን ሁሉ አደራጅቼ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። የፋብሪካው ሐኪም አብሮት ተቀምጧል። አነበቡት፤ ማንበብስ አነበቡት። ሐኪሙ «ይቺ ሴትዮ ድሮም በሽተኛ ነበረች፤ የዛሬ ሰባት ዓመት በእኛው መዝገብ ላይ አለች» አለ። እውነቱን ነው። «ደግሞ የተለካችው ሌሎቹ ከተለኩ ከሦስት ወር በኋላ ነው። አውጣትና አስላው» አለ። እሷ ስትወጣ ዘጠና ከሺህ መሆኑን አንቺው ነግረሽኛል። ወረቀቶቼን መሰብሰብ ጀመርኩ። «እንግዲህ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

በሳምንቱ ሐኪሙ የራሱን ልኬት አደረገ። ሐሙስ ቀን መጥቶ ማሽን ላይ ቆመው ያገኛቸውን ብቻ አስነፋ። ሰኞ ቢመጣ፣ ቤት የተኙትን ቢጠይቅ ብዬ በሩ ላይ ጮህኩ፤ ዘበኛ አስወጣኝ። «ሠራተኞቹ ጤነኞች ናቸው» የሚል ወረቀት መግቢያው ላይ ተለጥፏል፤ ማኅተም አለው።

ከዚያ ሥራ ቀዝቅዟል ብለው አሥራ ሁለት ሰው ቀነሱ። ሥራ አስኪያጁ ሰዉን ሰብስቦ «አድልዎ እንዳይባል በዕጣ ነው። የሚቀነሰውን ዕጣ ይለየዋል፤ ይህን ያስተማረን የፈረቃ ኃላፊያችን ነው» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ማበጠሪያ ካስገባኋቸው በሁለቱ ላይ ወጣ። አንዷ በአጠገቤ ስታልፍ «ከብናኙ ገላገልከኝ» አለችኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና እስካሁን አላወቅሁም።

እኔን ለማስወጣት ዕጣ አላስፈለጋቸውም። በማግሥቱ ቁልፌን አስረከብኩ።

እናትሽ ስለ ፈቃዱ ስነግራት «ትቅር፤ ወረቀቷ እንዳይበላሽባት» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

አጎትሽ


ነሐሴ 1

ጋሼ፣

ያጽናህ። ያጽናን።

ጎረቤት ደውላ ከነገረችኝ ዘጠኝ ቀን ሆነ። የፈቃዱ መልስ የመጣው ከዚያ ሦስት ቀን ቀድሞ ነው፤ አይቻልም ይላል። መርዶው በመጣ ማግሥት ሥራ ገባሁ። ለማን ልንገር? አጠገቤ ያለችው ሴት «ጉንፋን ይዞሻል?» አለችኝ፤ አዎ አልኳት።

ዕጣው «ማሸጊያ» ብሎ ቢሆን ኖሮስ እያልኩ እውላለሁ። ዛሬ ትኖር ነበር? ወይስ ያ ደረት ያለ ብናኙም አይከርምም ነበር? የሙያዬ ጥያቄ ይኸው ብቻ ነው ጋሼ፤ ሌላው ሁሉ ማስዋቢያ ነው። አንድ ሰው በሁለት በር ገብቶ ሁለት ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ ነው ብዙ ሰው ሰብስበን ዕጣ የምናወጣው፤ በአማካይ እናውቅ ብለን። ስለ ብዙ ሰው ጥቂት ማወቅ ይቻላል። ስለ አንዲት ሴት ግን ምንም። የትኛውም ስሌት እኔ ገደልኳት ብሎ አይነግረኝም፤ አልገደልሻትም ብሎም አይነግረኝም። እንዲሁ እንዳለሁ እኖራለሁ ማለት ነው።

መለኪያውን መልሰህ አትላክልኝ።

የእህትህ ልጅ


መስከረም 8

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጥሽ። ልብሷን አጥቤ ለጎረቤቶቿ ሰጠሁ። መቀነቷን አስቀርቼልሻለሁ። ክፍሉን ለባለቤቱ አስረክቤአለሁ።

ሥራ አላገኘሁም። በጠዋት እግሬ ለምዶት ወደ ፋብሪካው ይወስደኛል፤ ከበሩ ማዶ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲገባ አያለሁ። ዘበኛው ድሮ የምናወራ ነበርን፤ አሁን ያላየኝ ይመስላል።

ባለፈው ሰኞ ለማበጠሪያው አዲስ ሰው አስገቡ። አሥራ አንድ ናቸው፣ ሁሉም ሴቶች፣ ሁሉም ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። አዲሱን ሽርጥ ለብሰው አንዷ የሌላዋን እያሰረች ይሳሳቃሉ። ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። መንገዱን ተሻግሬ የመጨረሻዋን ክንዷን ያዝኳት። ደንግጣ አየችኝ። ምን ልበላት? ሠላሳ አንድ ልበላት፣ ዘጠና ከሺህ ልበላት? ስለ ሐሙስና ስለ ሰኞ ላስረዳት? ጓደኞቿ በሩ ላይ ቆመው ይጠሯታል።

«ልጄ፣ አፍሽን በጨርቅ ሸፍኚ» አልኳት።

እብድ መስዬአት ነው መሰለኝ ክንዷን ቀስ አድርጋ አላቀቀች። ግን ጨዋ ልጅ ናት። አንገቷን ሰበር አድርጋ «እሺ አባባ» አለችኝና እየሮጠች ገባች።

አጎትሽ